በ6 ሺ ብር ኮሚሽን 108 ሺ የተበላንበት ሽምብራ

ይሄን ሳስታውስ አሁንም ፊቴ ይቀላል ግን ልጻፈው። ጎንደር አንድ የእህል ነጋዴ ጋ ሒሳብ ሠራተኛ ነኝ፣ ቢሯችን ቅዳሜ ገበያ አካባቢ መጋዘናችን አዘዞ። ያኔ ማታ ማታ በኦንላይን የፋይናንስ ኮርስ እወስድ ነበርና ማታ የሰማሁትን ጠዋት አለቃዬ ላይ ነበር ምሞክረው፣ ጋሼም ቡናቸውን ፉት እያሉ ይሰሙኛል።

አንድ ቀን ስለ አሜሪካው ባንክ ሌማን ብራዘርስ አወራኋቸው። ባንኩ በፈረንጅ ሴፕቴምበር 2008 ሲወድቅ ለንደን ኤልሲኤች የሚባል ድርጅት ዘንድ ከ66 ሺ በላይ የወለድ ስዋፕ ውል (ቋሚ ወለድን በተለዋዋጭ ወለድ የመለዋወጥ ውል) ነበረው፣ በወረቀት ሲደመር 9 ትሪሊዮን ዶላር። ሁሉም ሰው "አለቀልን" ሲል ኤልሲኤች በሦስት ሳምንት ገደማ ዘጋግቶ ጨረሰው፣ የድርጅቱ ሌሎች አባል ባንኮች አንድ ሳንቲም አልከፈሉም። ሥራው ማዕከላዊ ተዋዋይ መሆን ነው፣ ማለት ሻጭና ገዢ ከተስማሙ በኋላ መሃል ይገባና አንዱ ውል ሁለት ይሆናል፣ ለሻጩ ገዢ እሱ ነው ለገዢውም ሻጭ እሱ ነው፣ ስለዚ ሁለቱ መተዋወቅም መተማመንም አይጠበቅባቸውም።

"ታዲያ እኛስ?" አልኳቸው። ኅዳር ላይ ነበር፣ የደንቢያው ሻጭ 120 ኩንታል ሽምብራ የካቲት ላይ ኩንታሉን በ6,000 ብር ሊያስረክብ ይፈልጋል፣ ከባሕር ዳር የመጣ ገዢ አለ፣ አይተማመኑም። እኛ ከሻጩ በ6,000 እንግዛ ለገዢው በ6,050 እንሽጥ፣ የገዛነውና የሸጥነው እኩል ስለሆነ ዋጋው ቢወጣ ቢወርድ እኛን አይመለከተንም፣ 6 ሺ ብር በነጻ አልኳቸው። በነጻ! ጋሼ ትንሽ አሰቡና "እሺ ያንተን ትምህርት እንየው" አሉ።

ጥር መጨረሻ አዲሱ ምርት ገበያውን ሞላው፣ ዋጋው 5,900፣ 5,600፣ ከዛ 5,100 ገባ። እኔ በየሳምንቱ ዋጋውን ኤክሴል ላይ እመዘግባለሁ፣ መመዝገብ ብቻ። የካቲት ላይ ሁለት አይሱዙ ሽምብራ ሞልቶ በራችን ላይ ቆመ፣ ሻጩ ቃሉን ጠብቋል። የገዢው ስልክ ግን "የደወሉላቸው ደንበኛ ማግኘት አይችሉም"። ሦስት ቀን እንደዛው። ለሻጩ 720 ሺ ከፈልን፣ እህሉን በ612 ሺ ሸጥነው፣ 108 ሺ ሄደ፣ ያቺ 6 ሺ ኮሚሽንም አልገባችም።

ጋሼ አልጮኹም፣ ቢጮኹ ይሻለኝ ነበር። "የለንደኑ ሰውዬ መሃል ሲቆም በእጁ ምን ይዞ ነበር?" አሉኝ። ዝም አልኩ። "እኛ እኮ ከምርት ገበያ ሰሊጥ ስንገዛ ብሩ ቀድሞ ባንክ ካልገባ ግብይት ውስጥ አያስገቡንም፣ ሻጩም እህሉን መጋዘን ሳያስገባ አይሸጥም። እንዲህ ያለው ነገር ትምህርትህ ላይ የለም?"

ነበረ እኮ! ማርጅን (መያዣ ማለት ነው) የሚለውን ምዕራፍ ሒሳብ የበዛበት መስሎኝ ዘልዬው ነው። ማታ ተመልሼ ሳነበው ኤልሲኤች ከሌማን ቀድሞ መያዣ ወስዶ ነበር፣ ያንን ሁሉ ዘግቶ የመያዣውን ሲሶ ያህል ብቻ ነው የተጠቀመው። ዋጋው ሲወርድም እንደኔ ቁጭ ብሎ አይመዘግብም፣ ልዩነቱን በየቀኑ ከተሸናፊው ተቀብሎ ለአሸናፊው ይሰጣል፣ ያልከፈለ በዛው ቀን ይታወቃል። እኛ ከገዢው 10 ፐርሰንት 72,600 ብር ይዘን ቢሆን፣ ዋጋው 5,600 ሲገባ "ልዩነቱን አምጣ" ስንለው ቢጠፋ፣ ያኔውኑ ለሌላ ሰው ሸጠን 48 ሺውን ከመያዣው እንሸፍን ነበር። የሱ መጥፋት የካቲት ላይ ሳይሆን ጥር ላይ ይታወቅ ነበር ማለት ነው።

መያዣም ቢሆን አንዳንዴ አይበቃም። በፈረንጅ 2018 ስቶክሆልም ያለው ናዝዳክ ክሊሪንግ፣ እሱም እንደ ኤልሲኤች መሃል የሚገባ ድርጅት፣ አንድ የኤሌክትሪክ ዋጋ ውል የሚነግድ ኖርዌያዊ ከስሮበት መያዣው አልቆ 114 ሚሊዮን ዩሮ ጎደለ፣ ከዛ ውስጥ 7 ሚሊዮኑን ድርጅቱ ከራሱ ሲከፍል 107ቱ አባላቱ ካዋጡት መጠባበቂያ ነው የወጣው፣ ምንም ያላጠፉት ሰዎች ማለት ነው። ይሄን ለጋሼ ስነግራቸው "እኛ መጠባበቂያው የኔ ኪስ ነው" አሉ።

ከዛ ወዲህ መሃል የምንገባው ቀብድ ተይዞ ነው። የከበደኝ ሒሳቡ ሳይሆን ሰዉ ነው፣ እዚህ ቃል የሰጠን ሰው መያዣ አምጣ ማለት ስድብ ነው፣ አንዱ "አባቴን እያወቅህ?" ብሎኝ ተነስቶ ወጥቷል። ጋሼ መላ ዘየዱ፣ የመጀመሪያውን ቀብድ ከገዛ ወንድማቸው አስቀበሉኝና ደረሰኙን ጠረጴዛው መስታወት ስር አስቀመጡት፣ የሚያኮርፍ ሲመጣ ዝም ብዬ በጣቴ አሳያለሁ።

ባለፈው ጥምቀት ፋሲል መዋኛ ጋ ሕዝቡ መሃል ያ ገዢያችን ፊት ለፊት ገጠመኝ። ሦስት ጊዜ ሳመኝ፣ እናቴን ጠየቀ፣ ስለ 108 ሺው ትንፍሽ አላለም። ከዛ "ዘንድሮስ ሽምብራ ትይዛላችሁ?" አይል መሰላችሁ።

"እንይዛለን፣ አንተም ይዘህ ና" አልኩት።