ከላይ ደርቆ ከታች ያልደረቀው ሥዕሌ

ይህን የምጽፈው ቀድሞ የሚያስጠነቅቀኝ ሰው ባገኝ ኖሮ ብዬ ስለምቆጭ ነው።

ሥዕሉን ያመጣው አንድ የዛገ በር ነው። ዝናብ ገና ማባራቱ ነበር። ከማጠፊያው ሥር ዝገቱ ቁልቁል ፈሷል፤ ላይ ብርቱካናማ፣ ታች ወደ ጥቁር የሚጠጋ ቡናማ። በሩን መሳል አላማረኝም። ያማረኝ ያ አወራረድ ነው። ፎቶም አላነሳሁ። አስተማሪዎች መጀመሪያ ንድፍ ሥሩ ይላሉ። በአብስትራክት፣ የነገርን መልክ በማይቀዳ ሥዕል፣ እኔ በዚህ አልስማማም። ንድፍ ካለ እጅ ለእሱ ይታዘዛል፣ ዓይን ይተኛል።

ሸራ ወጠርኩ፣ ሸራውን ለቀለም የሚያዘጋጀውን ነጭ ቅብ፣ ጄሶ፣ ሁለቴ ቀባሁ፣ በዘይት ቀለም ጀመርኩ። በየቀኑ ሸራውን አዟዙሬ አየዋለሁ። የአብስትራክት ሥዕል ፈር ቀዳጁ ካንዲንስኪ አንድ ምሽት የራሱን ሥዕል በጎኑ ቆሞ ሲያየው አላወቀውም፤ ውበቱ ግን አስደነገጠው። እኔም ተዘቅዝቆ የማይቆም ሥዕል አልቋል አልልም።

ስህተቱ የመጣው መጨረሻ ላይ ነው። የዝገቱን መስመር በቀለም ቢላ፣ ዘይት ጨምሬ፣ ወፍራም አድርጌ ጫንኩት። በሦስተኛው ሳምንት የኤግዚቢሽኑ አዘጋጆች ቀኑን አቀረቡት። ገና አልደረቀም አልኳቸው። አንዱ በጣቱ ነካ አድርጎ «ይኸው፣ አይለቅም» አለኝ። እሱ ሠዓሊ አይደለም፤ እኔ ግን ነኝ። እስካሁን የሚያናድደኝ እሱን መስማቴ ነው። በዚያው ሌሊት በተርፔንታይን (በቀለም ማቅጠኛ) የቀጠነ ጥቁር ከላዩ ደረብኩበት።

የዘይት ቀለም እንደ ውሃ ተንኖ አይደርቅም። ከአየር ኦክስጅን እየወሰደ ነው የሚጠነክረው፣ ያውም ከላይ ጀምሮ። ወፍራም ከሆነ ውስጡ ከዓመት በላይ ለስላሳ ሊቆይ ይችላል። ዘይት ያነሰው ስስ ቀለም ደግሞ ቶሎ ይደርቃል፣ ይደርቅና ግትር ይላል። ታች ያለው ሲንቀሳቀስ ላይ ያለው ይሰነጠቃል። ለዚህ ነው ዘይት የበዛበት ምንጊዜም ከላይ የሚሆነው። ሕጉን አውቀው ነበር። ማወቄ ነው የሚቆጨኝ።

በአራተኛው ወር ሥዕሉን የገዛችው ሴት ደወለች። ሄጄ አየሁት። ስንጥቁ ሌላ ቦታ አልነካም፤ ያንን የወደድኩትን መስመር ብቻ ተከትሎ ወርዷል። ልሞላው ስሞክር እየተላጠ በእጄ ቀረ። ገንዘቧን መልሼ ሥዕሉን ወሰድኩ።

አሁን የታችኛውን በአክሪሊክ፣ በውሃ በሚቀጥን ቀለም፣ ነው የምሠራው፤ በሰዓታት ይደርቃል፣ ዘይት ከላዩ ይቀበላል። ተገላቢጦሹን ግን እንዳትሞክሩት። ቫርኒሽ (የሥዕሉን ገጽ የሚጠብቅ የመጨረሻ ቅብ) ለመቀባት ስድስት ወር ይበቃል የሚሉ አሉ። ለወፍራም ሥዕል እኔ ከዓመት በፊት አልነካም። ጣትንም አትመኑ፣ በጥፍር ጫን አድርጉ።

ያ ሥዕል አሁን ግድግዳ ተደግፎ ቆሟል። ከተሣለ ዓመት ከመንፈቅ ሆነው። ትናንት መስመሩ ላይ ጥፍሬን ጫን ሳደርገው አሁንም ሰረጎደ።