አንዲት መስመር በጥበቃ መዝገብ ላይ

በዋሽንግተን ዲሲ በጥበቃ ሥራ የምንተዳደር ኢትዮጵያውያን ጥቂት አይደለንም፤ ይህች ከተማ ካስተናገደቻቸው የፖለቲካ ቅሌቶች ሁሉ ትልቁ፣ ዋተርጌት የሚባለው፣ ከአንድ የማታ ጥበቃ መዝገብ ላይ መጀመሩን በዝርዝር የሚያውቀው ግን ከመካከላችን ብዙ አይመስለኝም። እኔም ታሪኩን በውል ያጤንሁት በ2020 የፕሬዚዳንታዊ ምርጫ ሰሞን፣ በምሠራበት ሕንፃ ውስጥ እሱን የሚያስታውስ ነገር በመድረሱ ነው። (ዓመታቱንና ወራቱን ሁሉ የምጠቅሰው እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ነው።)

ጁን 17 ቀን 1972 ከእኩለ ሌሊት በኋላ፣ በፖቶማክ ወንዝ ዳር ባለው የዋተርጌት የቢሮ ሕንፃ ተረኛ የነበረው ፍራንክ ዊልስ የተባለ የ24 ዓመት ወጣት፣ ከምድር ቤቱ ፓርኪንግ ወደ ደረጃው በሚያስገባው በር የቁልፍ ምላስ ላይ ፕላስተር ተለጥፎ አገኘ። በሩ ቢዘጋም እንዳይቆለፍ የሚያደርግ ዘዴ ነው። የሕንፃው ሠራተኞች ለመመላለስ እንዲመቻቸው የለጠፉት መስሎት ላጠውና ሥራውን ቀጠለ። ቆየት ብሎ ሲመለስ ግን በዚያው በር ላይ ሌላ ፕላስተር ተለጥፎ ጠበቀው። በዚህ ጊዜ በመዝገቡ ላይ ሰዓቱን 1:47 ብሎ (በኛ አቆጣጠር ከሌሊቱ 7 ሰዓት ከ47 መሆኑ ነው)፣ በሮች ላይ ፕላስተር ማግኘቱንና ፖሊስ መጥቶ እንዲፈትሽ መጥራቱን ጻፈ። ማን እንደለጠፈው ግምቱን አላሰፈረም፤ ሌባ ገብቷል አላለም። ያ ገጽ ዛሬ በአሜሪካ ብሔራዊ ቤተ መዛግብት ተቀምጧል።

የመጡት ፖሊሶች የሲቪል ልብስ የለበሱና ምልክት በሌለው መኪና የተጓዙ ስለነበሩ፣ ከመንገዱ ማዶ ባለው ሞቴል ሆኖ አካባቢውን እንዲቃኝ የተመደበው የሰርጎ ገቦቹ ጓደኛ ቶሎ አልጠረጠራቸውም። በ6ኛው ፎቅ በዲሞክራቲክ ፓርቲ ብሔራዊ ኮሚቴ ጽሕፈት ቤት ውስጥ 5 ሰዎች የሐኪም ጓንት አጥልቀው፣ ካሜራና የመጥለፊያ መሣሪያ እንደያዙ ተያዙ። ከአምስቱ አንዱ ጄምስ ማኮርድ፣ ፕሬዚዳንት ኒክሰንን ዳግም ለማስመረጥ የተቋቋመው ኮሚቴ የጸጥታ አስተባባሪ ነበር። የዋይት ሐውስ ቃል አቀባይ ጉዳዩን ተራ የሌብነት ሙከራ ነው ብለው አጣጣሉት፤ መራጩም በኖቬምበር ለኒክሰን ከ50ዎቹ ክፍላተ ግዛት 49ኙን ሰጣቸው። ምርመራ ከምርጫ ጋር እኩል አይሮጥም። የሕግ መወሰኛው ምክር ቤት ልዩ ኮሚቴ ምስክሮችን በአደባባይ መስማት የጀመረው በሜይ 1973 ሲሆን፣ በዚያው ወር ንጉሠ ነገሥት ኃይለ ሥላሴ የኒክሰን እንግዳ ሆነው ዋሽንግተን ነበሩ። አስተናጋጁ ኦገስት 9 ቀን 1974 ከሥልጣን ሲለቁ፣ እንግዳውም በቀጣዩ ወር፣ ሴፕቴምበር 12 ቀን፣ ከዙፋናቸው ወረዱ፤ ሁለቱን የሚያገናኝ ምክንያት የለም፤ ቢሆንም በኛ ዕድሜ ያለ ሰው ይህን ሳያነሣ አያልፍም።

እንግዲህ ወደ እኛ ሕንፃ ልምጣ። በኦክቶበር 2020 በኮሮና ምክንያት አብዛኞቹ ተከራዮች ከቤታቸው ይሠሩ ስለነበር ፎቆቹ ባዶ ነበሩ፤ እስከ ሌሊት ድረስ መብራት የማይጠፋበት አንድ ቢሮ ብቻ ነበር፤ እሱም ለምርጫ ዘመቻዎች የማማከር አገልግሎት የሚሰጥ ድርጅት የተከራየው ነው። አብረውኝ ማታ የሚሠሩት አዛውንት ኢትዮጵያዊ፣ ሁላችንም ጋሼ የምንላቸው፣ አገር ቤት ሳሉ ለረዥም ዘመን በመዝገብ ቤት ያገለገሉ ሰው ናቸው። የእጅ ጽሕፈታቸው በእንግሊዝኛም ቢሆን እንደ ታተመ ጽሑፍ ይነበባል።

አንድ ሌሊት ጋሼ ምድር ቤቱን ሲዞሩ ከፓርኪንጉ ወደ ደረጃው በሚያስገባው በር ላይ፣ ሰፊና ግራጫ ፕላስተር የቁልፉን ምላስ ወደ ውስጥ ተጭኖ ከግራና ቀኝ ታጥፎ ተለጥፎ አገኙ። ወዲያው አላነሡትም። በስልካቸው ፎቶ አነሡ፣ በሬዲዮ ጠሩኝ፣ እኔ ፎቆቹን ዞሬ ማንም አለመኖሩን ሳረጋግጥ በሩ አጠገብ ቆመው ጠበቁ፤ ከዚያ በኋላ ፕላስተሩን ልጠው ፖስታ ውስጥ ከተቱትና መዝገቡ ላይ ያገኙትን፣ የት እንዳገኙት፣ ፎቶ መነሣቱንና ለሱፐርቫይዘር መደወሉን በአጭሩ ጻፉ። ሱፐርቫይዘሩ በስልክ የሰጠን መልስ «አንሡትና ቀጥሉ» የሚል ነበር።

ችግሩ የመጣው ጠዋት ነው። የሕንፃው አስተዳዳሪ ገጹን ካነበበ በኋላ ውሸት ነው አላለም፤ ያለው፣ ምርጫው በተቃረበበትና በየቴሌቪዥኑ ስለ ምርጫ ደኅንነት በሚወራበት ሰዓት እንዲህ ያለ ነገር በጽሑፍ ተገኝቶ ያ ተከራይ ቢሰማ ይደነግጣል፣ ጠበቃ ይጠራል፣ ጋዜጠኛም ሊመጣ ይችላል ነው። ስለዚህ ገጹ እንዲቀየርና በምትኩ «በሮች ሁሉ ታይተዋል፤ ችግር የለም» ተብሎ እንዲጻፍ ጠየቀ። ጋሼ በትሕትና እንደማያደርጉት ነገሩት። እሱም ወደ እኔ ዞሮ፣ ገጹን እኔ በንጹሕ እንድገለብጠው ሐሳብ አቀረበ።

አስተዳዳሪው ክፉ ሰው አልነበረም፤ ይህን ደግሜ ማለት እፈልጋለሁ። መዝገብ የሚያበላሹ ሰዎች አብዛኛውን ጊዜ ክፉ ሳይሆኑ የተጨነቁ ናቸው። ሰውየው ከወጣ በኋላ ጋሼን ምን እናድርግ ብዬ ስጠይቃቸው፣ «ልጄ፣ እሱ የሚለው ካለው ከሥር ይጻፍ፣ ስሙንም ይፈርምበት፤ ወረቀቱ ቦታ ሞልቶታል። የኔን ግን እንዳትነካብኝ» አሉኝ። የዋተርጌቱን ጥበቃ ታሪክ አብጠርጥረው ያጫወቱኝም ያን ጠዋት ነው። እኔም በበኩሌ፣ ዊልስ በሳምንት 80 ዶላር ገደማ የሚከፈለው ሰው እንደነበረ፣ ለጥቂት ጊዜ ስሙ ከገነነ በኋላ ደኅና ሥራ አጥቶ እንደተቸገረና በ2000 ዓ.ም. በጆርጂያ ክፍለ ግዛት በ52 ዓመቱ እንደሞተ በስልኬ አንብቤ፣ ታዲያ ምን ተጠቀመ ብዬ ተከራከርኳቸው። «እሱስ ልክ ብለሃል፤ ግን የምንነጋገረው ስለ ደመወዝ ነው እንዴ?» ብለው ሻያቸውን ቀዱ።

በዚያ ሰሞን ስለ ኒክሰን ያነበብኩት ሁሉ ከኛ ጉዳይ ጋር እየተያያዘ ይታየኝ ነበር። በጁላይ 1973 የዋይት ሐውስ ባለሥልጣን የነበሩት አሌክሳንደር ባተርፊልድ ለምክር ቤቱ ኮሚቴ እንደመሰከሩት፣ ፕሬዚዳንቱ በቢሯቸው የሚደረገውን ንግግር ሁሉ በስውር በቴፕ ያስቀዱ ነበር። ልዩ ዐቃቤ ሕጉ አርኪባልድ ኮክስ ቴፖቹን ሲጠይቁ ኒክሰን እንዲባረሩ አዘዙ፤ የፍትሕ ሚኒስትሩና ምክትላቸው ትእዛዙን አንፈጽምም ብለው በአንድ ምሽት፣ ኦክቶበር 20 ቀን፣ ከሥራ ወጡ፤ ሦስተኛው ባለሥልጣን ፈጸመው። ከሰርጎ ገቦቹ መያዝ 3 ቀን በኋላ በተቀዳ ቴፕ ላይ 18 ደቂቃ ተኩል ተደምስሶ ተገኘ። ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ በጁላይ 24 ቀን 1974 ያለ አንድ ተቃውሞ 8 ለ0 ቴፖቹ እንዲሰጡ ሲወስን፣ ከመካከላቸው ጁን 23 ቀን 1972 የተቀዳው፣ ፕሬዚዳንቱ ሲ.አይ.ኤ. የኤፍ.ቢ.አይ.ን ምርመራ እንዲያስቆም መስማማታቸውን አሰማ። ከዚያ በኋላ በሥልጣን የቆዩት ለቀናት ብቻ ነው።

ብዙ ሰው ከዚህ ታሪክ የሚወስደው፣ ከጥፋቱ ይልቅ መሸፋፈኑ ይብሳል የሚለውን አባባል ነው። እኔ በዚህ ሙሉ በሙሉ አልስማማም። በምርጫ ዓመት የተቀናቃኝን ጽሕፈት ቤት በዘመቻ ገንዘብ ማስሰለል በራሱ ትልቅ ጥፋት ነው፤ መሸፋፈኑ ጥፋቱን አላገዘፈውም፣ መጠኑን ነው ያሳየው። እኛ ዘንድ ግን ገና ጥፋት መኖሩም አልታወቀም ነበር፤ ሊሸፈን የተፈለገው ማንም ያላጣራው ነገር ነው፤ እኔን ያሳሰበኝም ይኸው ነው።

ሌላው በአእምሮዬ የነበረው የ2016ቱ ጉዳይ ነው። ያው የዲሞክራቲክ ፓርቲ ብሔራዊ ኮሚቴ ዳግመኛ ተሰርቋል፤ በዚህኛው ጊዜ በር የነካ የለም፣ የገቡት በኮምፒውተር ነው። ኤፍ.ቢ.አይ. በሴፕቴምበር 2015 ለፓርቲው ደውሎ መረባችሁ ውስጥ ሰው ገብቷል ሲል፣ ስልኩ የደረሰው በኮንትራት ለሚሠራ አንድ የኮምፒውተር ባለሙያ ነበር፤ እሱም የሚያናግረው እውነተኛ የኤፍ.ቢ.አይ. ሰው መሆኑን ተጠራጠረ። ጉዳዩ የፓርቲው መሪዎች ጋ ደርሶ እርምጃ የተወሰደው በ2016 ኤፕሪል ነው። ልዩ ዐቃቤ ሕግ ሮበርት ሙለር በጁላይ 2018 በ12 የሩሲያ ወታደራዊ ስለላ መኮንኖች ላይ ክስ ሲመሠርቱ፣ ሰነዱ ማን በየትኛው ቀን ምን እንዳደረገ እያነሣ የሚዘረዝር ሆኖ ወጣ። ይህን ሁሉ ለአስተዳዳሪው አልነገርኩትም፤ ለአንድ ፕላስተር ይህን ያህል ትንታኔ ማቅረብ ያስቃል።

የነገርኩት የሥራ መመሪያችንን ነው። መመሪያው በመዝገብ ላይ የተሳሳተ ነገር ቢኖር በአንድ መስመር ተሰርዞ፣ ከሥር ያለው እንደተነበበ፣ የሰረዘው ሰው ፊርማውን እንዲያኖርበት ያዛል፤ ገጽ መቅደድና መገልበጥ አይፈቀድም። «ጋሼ የጻፉት ስሕተት ከሆነ አንተው ሰርዘውና ፈርምበት» ብዬ እስክሪብቶ ሰጠሁት። እስክሪብቶውን ለአፍታ ይዞ ቆየና መልሶ ጠረጴዛው ላይ አኖረው። በምትኩ ከሥር፣ ካሜራ እንደሚታይ የሚገልጽ ሁለት መስመር ጽፎ ፈረመ።

ካሜራው ሲታይ ፕላስተሩን የለጠፈው የጽዳት ሠራተኛ ሆኖ ተገኘ። በኮሮናው ምክንያት የጽዳት ሰዓት ወደ ሌሊት ሲዛወር የሠራተኞቹ ባጅ (በር የሚከፍቱበት ካርድ) ግን በቀድሞው ሰዓት ላይ እንደተወሰነ ቀርቶ ነበር፤ ቆሻሻ ለመጣል በወጡ ቁጥር በሩ ይቆለፍባቸዋል፤ ባጁ እንዲስተካከልላቸው ለአለቃቸው በቃል ቢናገሩም ሰሚ አላገኙም። ከኛም መካከል በሌሎች ሌሊቶች እንዲህ ያለ ፕላስተር አግኝተው ሳይጽፉ ልጠው የጣሉ ጥበቃዎች እንደነበሩ ያን ጊዜ ተወራ። ጋሼ የጻፉት ያዩትን ብቻ ስለነበረ፣ ሠራተኛውን እንደ ወንጀለኛ የሚያስቆጥር አንዲት ቃል ገጹ ላይ አልነበረችም፤ ሰውየው ተመክሮ ሥራው ላይ ቀረ፣ ባጁም በዚያው ሳምንት ተስተካከለ።

ከምርጫው በኋላ፣ ያ ይደነግጣል የተባለለት ተከራይ ለኢንሹራንስ ጉዳይ የምርጫውን ሰሞን የጥበቃ መዝገብ ቅጂ ጠየቀ። አስተዳዳሪው ገጾቹን ኮፒ አድርጎ ሲሰጥ፣ ባጆቹ የተስተካከሉበትን ደብዳቤም ጨምሮ አያያዘላቸው። ተከራዮቹ አንብበው ያቀረቡት ጥያቄ አንድ ብቻ ነበር፤ በነሱ ፎቅ ያለው የደረጃ በርም በየሌሊቱ እንዲታይና ሰዓቱ እንዲጻፍላቸው ጠየቁ፤ እኛም ከዚያ ሳምንት ጀምሮ እንጽፍ ጀመር።