ሁልጊዜ የሚተርፉት ሁለት ቤቶች

ልጆቹ ከተኙ በኋላ በሳምንት አንድ የሒሳብ እንቆቅልሽ ልሥራ ብዬ ከጀመርኩ ሦስት ወር ሞላኝ። የዚህ ወር ማስታወሻዬ ስለ አንዲት ጥያቄ ብቻ ነው። አራት ቀን አንገላታችኝ።

64 ቤት ያለው የዳማ ሰሌዳ አለ። በሰያፍ የሚተያዩ ሁለት ማዕዘኖቹን ቆርጠን እንጥላለን፤ 62 ቤት ይቀራል። አንድ ዶሚኖ ጎን ለጎን ያሉ ሁለት ቤቶችን ይሸፍናል። በ31 ዶሚኖ የቀረውን ሁሉ መሸፈን ይቻላል ወይ? ማክስ ብላክ የተባለ ፈላስፋ በ1946 እ.ኤ.አ. ያቀረባት ጥያቄ ናት።

ሳያት ናቅኳት። 31 በ2 ሲባዛ 62፤ ታዲያ ምን ችግር አለው? በልጄ ባለ ካሬ ደብተር ላይ ሰሌዳውን ሣልኩና በእርሳስ ሁለት ሁለቱን መክበብ ጀመርኩ። 30 ዶሚኖ ገባ። ሁለት ቤት ተረፈ፣ አንዱ እዚህ ሌላው እዚያ። ገጽ ገለበጥኩ፣ ከሌላ ጥግ ጀመርኩ። አሁንም ሁለት ተረፈ። በሦስተኛው ቀን “ይሄ ነገር አይቻልም” ማለት ጀመርኩ። ግን በምን አረጋግጣለሁ? ያልተቆረጠው ሰሌዳ እንኳ በ32 ዶሚኖ የሚሸፈንበት መንገድ 12,988,816 ነው። ሁሉን ልሞክር ብል ልጆቼ አግብተው ይወልዳሉ።

በአራተኛው ቀን ታክሲ ሰልፍ ላይ ቆሜያለሁ። ሰልፉ አይነቃነቅም። አጠገቤ ሁለት ልጆች ካርቶን ላይ በቆርኪ ዳማ ይጫወታሉ። ቆርኪዎቹ በሰያፍ ይሄዳሉ፤ በእስክሪብቶ ከተቀቡት ቤቶች አይወጡም። ዓይኔ ሰያፉን ተከትሎ ከአንዱ ጥግ እስከ ሌላው ጥግ ሄደ። የተቀባ፣ የተቀባ፣ የተቀባ... ሁለቱም ማዕዘኖች አንድ ቀለም ናቸው!

ዶሚኖ ጎን ለጎን ስለሚተኛ ሁልጊዜ አንድ ጥቁርና አንድ ነጭ ይሸፍናል። ስለዚህ 31 ዶሚኖ 31 ጥቁርና 31 ነጭ ይፈልጋል። እኔ ደግሞ የጣልኩት ሁለት ጥቁር ነው። የቀረኝ 30 ጥቁርና 32 ነጭ። አለቀ፣ አይቻልም።

“እንዴ!” ብዬ ጮህኩ መሰለኝ፣ ከፊቴ የቆሙት እናት ዞር አሉ። “ምነው ልጄ፣ ሞባይልህን ወሰዱት?” “የለም እማማ፣ አንድ ነገር ጠፍቶብኝ አገኘሁት” አልኳቸው።

ቤት ስገባ ጫማዬን እንኳ ሳላወልቅ ደብተሩን ገለጥኩ። 30 ዶሚኖ ያስገባሁባቸው ዘጠኝ ሙከራዎች አሉ። አንድ በአንድ ቀለም ቀባኋቸው። በዘጠኙም የተረፉት ሁለት ቤቶች ነጭ ናቸው። ሌላ ሊሆኑም አይችሉም ነበር። መልሱ ከመጀመሪያው ማታ ጀምሮ እዚያው ደብተሬ ላይ ተቀምጦ ነበር ማለት ነው። እኔ የወደቅኩበትን ገጽ እየገለበጥኩ አልፌዋለሁ። ከታክሲ ሰልፉ ይልቅ ይሄኛው ነው ያስደሰተኝ፣ ትንሽም ያናደደኝ።

ፈረንሳዊው የሒሳብ ሊቅ አንሪ ፖንካሬ፣ ኩታንስ ከተማ ውስጥ ሠረገላ ሊሳፈር እግሩን መወጣጫው ላይ ሲያሳርፍ አንድ ትልቅ ሐሳብ ብልጭ እንዳለለት ጽፏል። ሰው የሚያወራው ስለ መወጣጫው ነው። ከዚያ በፊት ጠረጴዛ ላይ የለፋባቸውን ቀናት የሚያነሳ ጥቂት ነው።

የሚቀጥለውን ጥያቄ ግን አበላሸሁት። አንድ ጥቁርና አንድ ነጭ ብንቆርጥስ? የትኞቹም ይሁኑ፣ ሁልጊዜ ይቻላል፤ ራልፍ ጎሞሪ የተባለ የሒሳብ ሊቅ አረጋግጦታል። ማረጋገጫው በጣም ያምራል፤ 64ቱን ቤቶች አንድ በአንድ አልፎ መነሻው ላይ የሚገጥም መንገድ መሣል ነው። ትዕግሥት አጣሁና መልሱን አየሁ። ገባኝ፣ ግን ምንም አልተሰማኝም።

አሁን የያዝኩት ይሄን ነው። አንድ ቤት ብቻ ይቆረጥ፤ የቀሩት 63 ቤቶች ቀጥ ባሉ ባለ ሦስት ቤት ቁራጮች ይሸፈኑ። የትኛው ቤት ቢቆረጥ ይሆናል? ሰሌዳውን በሰያፍ በሦስት ቀለም ቀባሁት፤ 22፣ 21 እና 21 ወጣ። እያንዳንዱ ቁራጭ ከሦስቱም ቀለም አንድ አንድ ቤት ይሸፍናል። ስለዚህ የሚቆረጠው ከ22ቱ አንዱ መሆን አለበት። ግን በእጄ ስሞክር ከ22ቱም አብዛኞቹ እምቢ ይላሉ። ለምን እንደሆነ የምታውቁ ካላችሁ፣ እባካችሁ እንዳትነግሩኝ።