ጥፋቱ የቫልቭ አልነበረም

ዛሬ ጠዋት ዝናቡ ጋብ ሲልልኝ የጊታር አምፕሊፋየሬን የኋላ ክዳን ዘግቼ ብሎኖቹን አጠበቅሁ። ከሰኔ ጀምሮ ስከፍተውና ስዘጋው ስለከረምሁ የአንዳንዶቹ ብሎኖች አናት ተላልጦ ካቻቢቴ አልይዝ እስከ ማለት ደርሷል። ሁለት ወር የፈጀብኝ ሥራ በአንድ ሳምንት ማለቅ ይችል እንደነበር አሁን ስለገባኝ፣ የተሳሳትሁበትን ሳልረሳው በዚህ ማስታወሻ ላሰፍረው ወደድሁ።

አምፕሊፋየሩ አሜሪካ የምትኖር አክስቴ ከስድስት ዓመት በፊት ዘመድ ልትጠይቅ ስትመጣ ያመጣችልኝ ያገለገለ ዕቃ ነው። ኃይሉ 15 ዋት ሲሆን ውስጡ አምስት ቫልቮች፣ ማለትም አየር የወጣላቸው፣ ሲሞቁ ኤሌክትሮን የሚለቁ የመስታወት ቱቦዎች፣ አሉት፤ ሦስቱ ከጊታሩ የሚመጣውን ደካማ ሲግናል የሚያጎለብቱ፣ 12ኤኤክስ7 የሚባሉ ናቸው፤ ሁለቱ ደግሞ ስፒከሩን የሚገፉት ኢኤል84 የሚባሉት ናቸው። ለ120 ቮልት የተሠራ በመሆኑ የእኛን 220 ቮልት በግማሽ የሚቀንስ ትራንስፎርመር ከጎኑ አይለየውም። ደብረ ማርቆስ ውስጥ ቀን ቀን ፊዚክስ አስተምራለሁ፤ ቅዳሜና እሑድ በየሠርጉ እጫወትበት ነበር። የምሽት ሥራ ከተቀዛቀዘ ወዲህ ግን ለራሴ ብቻ ስለምጫወት፣ በሠርግ ሆታ ውስጥ ሰምቼው የማላውቀውን ጉድለት ጸጥ ባለው ቤቴ መስማት ጀመርሁ።

ጉድለቱ ሁለት ዓይነት ነበር። አንደኛው፣ ሲመሽ ድምፁ ይታፈንና ጋቢ ተከናንቦ የሚናገር ሰው ይመስላል። ሁለተኛው፣ አምስተኛውን ክር ሳልጫነው በመታሁት ቁጥር ከድምፁ ሥር የደረቀ ቅጠል ሲረገጥ የሚሰማውን የመሰለ ነገር ይከተለዋል። ሁለቱንም ያለ ምንም ምርመራ በቫልቮቹ አላከክሁ። ለምን እንደ ሆነ ራሴን ስጠይቅ መልሱ ያሳፍረኛል፤ በዚያ ሳጥን ውስጥ ዓይን የሚስቡት እነሱ ብቻ ስለ ሆኑ ነው። ማታ የቤቱን መብራት አጥፍቼ ከኋላ ስመለከት የእያንዳንዱ ቫልቭ ሆድ እንደ ፍም ይቀላል፤ በኢኤል84ዎቹ መስታወት ላይ ደግሞ ስስ ሰማያዊ ብርሃን ይታያል። ይህ ሰማያዊ ብርሃን ከመንገዳቸው የወጡ ኤሌክትሮኖች የመስታወቱን ግድግዳ ሲመቱት የሚፈጠር፣ ጉዳት የሌለው ነገር መሆኑን ለተማሪዎቼ ማስረዳት የምችል ሰው ሆኜ ሳለ፣ በራሴ ዕቃ ላይ ሳየው ግን እንደ ሕመም ምልክት ቆጠርሁት። ስፒከሩ ጥቁር ወረቀት ነው። ስለማያበራ ማንም አይጠረጥረውም።

አዲሶቹን ቫልቮች ያመጣልኝ አዲስ አበባ ያለው የአጎቴ ልጅ ነው። እያንዳንዳቸውን በካልሲ ጠቅልሎ ጭኑ ላይ አስቀምጦ መጣና «የዓባይን በረሃ ስንወርድ አውቶቡሱ በዘለለ ቁጥር እኔ ነበርሁ የምሰበረው» አለኝ። ኢኤል84ዎቹ ስሎቫኪያ የተሠሩ፣ የሚያሳልፉት ኤሌክትሪክ ተለክቶ የተጣመሩ ጥንድ ናቸው። መጣመራቸው ለጌጥ አይደለም፤ ሁለቱ ቫልቮች አንዱ ሲገፋ ሌላው እየሳበ ስለሚሠሩ፣ አንደኛው ከሌላው አብልጦ ከጠጣ፣ በትራንስፎርመሩ ውስጥ ተጣፍቶ መቅረት የነበረበት የሚያጉረመርም ድምፅ ወደ ስፒከሩ ያልፋል።

ቫልቭ መቀየር ራሱ የአምስት ደቂቃ ሥራ ነው። እኔ ግን ሶኬቶቹንም ከሥር ማጽዳት ስለፈለግሁ ዋናውን ቻሲስ፣ ዕቃዎቹ ሁሉ የተገጠሙበትን ብረት፣ ማውጣት ነበረብኝ፤ ያንን ደግሞ ብቻዬን ለመድፈር ስላልፈለግሁ፣ በወጣትነታቸው የቫልቭ ራዲዮ ሲጠግኑ የኖሩ አንድ አዛውንት ሱቅ ተሸክሜው ሄድሁ። ገና ክዳኑን ስንከፍት «ወንድምዓለም፣ ከግድግዳው ስለነቀልኸው ሞቷል ብለህ እንዳትዳፈረው። ኮንደንሰሩ የጠጣውን ይዞ ይቆያል። አንድ እጅህን ኪስህ ክተት» አሉኝ። ኮንደንሰር ኤሌክትሪክ አጠራቅሞ የሚይዝ ዕቃ ነው፤ የእኔው ሲሠራ ከ300 ቮልት በላይ ይይዛል። ቴስተሩን ስንሰካበት፣ ተነቅሎ ሻይ ጠጥተን ከተመለስን በኋላ እንኳ ከ60 ቮልት በላይ አሳየን። በሬዚስታንስ ቀስ አድርገው አወረዱትና ቀሪውን ሥራ ለእኔ ተዉልኝ። እጅ ኪስ የሚከተተው ለሥርዓት አይደለም፤ ኤሌክትሪክ ከአንድ እጅ ገብቶ በሌላው እንዳይወጣ ነው፤ በመካከል ያለው ልብ ነውና።

ዘጠኙን ቀጫጭን እግሮች ከቀዳዳዎቹ ጋር አስተካክዬ፣ ሳላጣምም ቀጥ አድርጌ አስገባኋቸው። ከአዲሶቹ 12ኤኤክስ7ዎች አንዱ በመጀመሪያው ሶኬት ላይ ሲሆን ገና ጠረጴዛውን ስነካው እንደ ቃጭል ጮኸ፤ በእርሳስ ጫፍ ቀስ ብዬ ስመታው የእርሳሱ ምት በስፒከሩ ወጣ። እንዲህ ያለው ቫልቭ የሚቀመጠው ከኋላ ነው፤ በመጀመሪያው ቦታ ላይ ሲሆን የሱ ጩኸት በቀጣዮቹ ሁሉ እየተባዛ ይወጣልና። ወደ መጨረሻው ሶኬት አዛውሬ በቦታው 5751 የሚባለውን ሰካሁ። 12ኤኤክስ7 መቶ እጥፍ የማጉላት ዐቅም ሲኖረው የዚህኛው ሰባ ነው። ይህን ለውጥ በእርግጥ ወደድሁት፤ ትዝታን በዝግታ ስጫወት ጥርት ይላል፣ ጠንከር አድርጌ ስመታው ብቻ ይሻክራል። ከዚህ ውጭ ግን፣ ለባለቤቴ ትክክለኛውን ዋጋ ካልነገርሁት ወጪ አንጻር፣ ልዩነቱን የምሰማው ጆሮዬን ካቀናሁ ብቻ ነበር። ሲመሽ ጋቢው ተመልሶ መጣ፤ ቅጠሉም ከነበረበት አልተነቃነቀም።

በሦስተኛው ሳምንት፣ መጀመሪያ ላይ ማድረግ የነበረብኝን አደረግሁ። ከምሽቱ 2 ሰዓት ላይ ቴስተሩን ግድግዳው ላይ ሰካሁትና 188 ቮልት አነበብሁ። በትራንስፎርመሩ በኩል ሲያልፍ 94 ይሆናል። የቫልቩን ሆድ የሚያሞቀው 6.3 ቮልት መሆን ሲገባው በዚህ ስሌት 5 እንኳ አይሞላም። እንጨት እንደ ጎደለው ምድጃ ነው፤ በቂ ያልሞቀ ቫልቭ በቂ ኤሌክትሮን አይሰጥም፣ አዲስም ቢሆን አሮጌም ቢሆን። ስታብላይዘር ተውሼ ባስገባሁበት በዚያው ምሽት ጋቢው ወለቀ። አሮጌዎቹ ቫልቮች ላይ ያለ ጥፋታቸው ፈርጄባቸው ነበር።

ቅጠሉ ቀረ። ስፒከሩን ፈትቼ ፊቱን ወደ ላይ አስቀምጬ፣ ወረቀቱን በሁለት እጆቼ ጣቶች ግራና ቀኙን እኩል ይዤ በቀስታ ወደ ታች ስጫነው፣ ከውስጥ ሽቦው ከማግኔቱ ጋር ሲታከክ በጣቶቼም ተሰማኝ፤ በጠርዙም ላይ የጥፍር ርዝመት ያህል ስንጥቅ አገኘሁ። ለስንት ዓመት እንዲህ እንደ ኖረ አላውቅም፤ የደረቀ ቅጠል ብዬ የጠራሁት ድምፅ ግን በእርግጥም የደረቀ ወረቀት ድምፅ ነበር።

ምትኩ 12 ኢንች፣ 25 ዋት የሚችል፣ ሰለስሽን ግሪንባክ የሚባል ስፒከር ነው። ከሦስት ኪሎ በላይ ስለሚመዝን የአጎቴ ልጅ በዚህኛው ጉዞ ጭኑ ላይ ሊያስቀምጠው አልፈቀደም። ስፒከሩ የኤሌክትሪክ ተቃውሞው 8 ኦም ወይም 16 ኦም ሆኖ ስለሚመረት፣ የእኔ አምፕሊፋየር የሚፈልገው ባለ 8ቱን መሆኑን ሦስት ጊዜ ደጋግሜ ነግሬው ነበር፤ ቢሆንም ደርሶኝ ቴስተር ስሰካበት 6 እና ጥቂት ነጥብ ሲያሳየኝ ለአፍታ ደነገጥሁ። ኋላ ነው ራሴን የታዘብሁት፤ ቴስተሩ የሚለካው የሽቦውን ተቃውሞ በቀጥተኛ ኤሌክትሪክ ነው፣ 8 የሚባለው ደግሞ ሙዚቃው በሚያልፍበት ተለዋዋጭ ኤሌክትሪክ የሚታየው ነው። የ1.5 ቮልት ባትሪ አዎንታዊ ጫፍ ከስፒከሩ አዎንታዊ ጫፍ ጋር ሳገናኘው ወረቀቱ ወደ ፊት ብቅ አለ፤ ትክክል ነው። ገመዱ መጥበቁን ሳላረጋግጥ አምፕሊፋየሩን አላበራሁም፤ የቫልቭ አምፕሊፋየር ስፒከር ሳይኖረው ከተጫወተ መውጫ ትራንስፎርመሩ ሊቃጠል ይችላልና።

አምስተኛውን ክር መታሁት። ድምፁ ወጣ፣ ቆየ፣ ጠፋ፤ ከሥሩ የተከተለው ነገር አልነበረም። ደግሜ መታሁት። ቀጥሎም ድምፅ መቀነሻውን ከለመድሁት በታች አወረድሁት፤ ይህኛው ስፒከር በአንድ ዋት ኃይል በአንድ ሜትር ርቀት 98 ዴሲቤል ይሰጣልና ቤቱ ጠበበው። ለመጀመሪያዎቹ ቀናት ላይኛዎቹ ድምፆች ጠጠር የበዛባቸው ነበሩ፤ ወረቀቱ እየተፍታታ ሲሄድ ግን ለስልሰዋል። ልጅ ሳለሁ ቢቸና ገበያ ላይ አንድ አዝማሪ በክረምት መሰንቆውን ወደ ምድጃ አስጠግቶ ቆዳውን ሲያሞቅ አይቻለሁ፤ ያኔ ጭራውንም ሆነ ሌላውን አካል አልነካም፤ ርጥበት ያላላው ቆዳው መሆኑን ያውቅ ነበር። ያንን ሰው አስታውሼው ቢሆን ኖሮ መጀመሪያ ዓይኔ የሚሄደው ወደ ወረቀቱ ነበር።

ባለፈው እሑድ ለማመሳከር ስል አሮጌዎቹን ቫልቮች በአዲሱ ስፒከርና በስታብላይዘሩ ሞከርኋቸው። ከ5751ዱ በስተቀር ዓይኔን ጨፍኜ መለየት አልቻልሁም። ሁለቱን አሮጌ ኢኤል84ዎች በካልሲያቸው ጠቅልዬ ለአዛውንቱ ወሰድሁላቸው። መስታወቱን ወደ ብርሃን ዘርግተው በአናቱ ያለው ብርማ ሽፋን አለመንጣቱን፣ ማለትም አየር አለመግባቱን፣ ካዩ በኋላ ያለ አንድ ቃል ከመደርደሪያው ሥር አንድ ፊሊፕስ ራዲዮ አወጡ። ያረጀ ቫልቩን ነቅለው የእኔን ሰኩበት። ግማሽ ደቂቃ ያህል ምንም አልተሰማም። ከዚያ የሚያጉረመርም ድምፅ መጣ፤ አዛውንቱ ማስተካከያውን በአውራ ጣታቸው ቀስ እያደረጉ ሲያዞሩት በአጭር ሞገድ ላይ የራቀ ድምፅ ገባ፤ እሳቸውም ወንበራቸውን ወደ ራዲዮው ሳብ አድርገው ተቀመጡ።