የኤሌክትሪክ መስክና ነጭ የደም ሕዋስ፦ ሙከራውን እንዴት ሠራሁት?

ነጭ የደም ሕዋሳት ኤሌክትሪክ ሲነካቸው ምን ይሆናሉ? የማስተርስ ጥናቴን የሠራሁት በዚህ ጥያቄ ላይ ነው፤ ቦታው መሀል አዲስ አበባ፣ ጥቁር አንበሳ አካባቢ ያለ ላብራቶሪ ነበር። ከጉልበቴ አብዛኛውን የፈጀው አንድ ነገር ነው፦ ለውጡን ያመጣው መስኩ ራሱ መሆኑን ማረጋገጥ። ሙቀትም፣ የአሲድ መጠንም፣ ከኤሌክትሮድ (ኤሌክትሪኩን ከሚያስገባው ብረት) የሚወጣ ኬሚካልም ሕዋሱን ያስቆጡታል።

ርዕሱን የወደድኩት በቁስል ምክንያት ነው። ቆዳ ሲቆረጥ ጠርዙ ላይ የተፈጥሮ ኤሌክትሪክ ይፈጠራል። ጀርመናዊው ኤሚል ዱ ቧ ሬይሞን ይህን እ.ኤ.አ. በ1840ዎቹ የገዛ ጣቱን ቆርጦ ለክቶታል። ዛሬ በቁስል ዙሪያ የሚለካው መስክ በአንድ ሚሊሜትር ከ40 እስከ 200 ሚሊቮልት ይደርሳል። ቁስል ላይ ቶሎ ከሚደርሱት ውስጥ ደግሞ የመከላከያ ሕዋሳት አሉበት። ታዲያ መንገዱን ኤሌክትሪኩም ያሳያቸው ይሆን?

ደሙን የሰጡን ፈቃደኞች ናቸው፤ የሥነ ምግባር ፈቃዱም ቀድሞ ወጥቷል። ሕዋሳቱን መለየት የተለመደ ሥራ ነው። ደሙን መጠነ እፍጋቱ በሚሊሊትር 1.077 ግራም በሆነ ፈሳሽ ላይ ቀስ አድርጎ ማፍሰስና በሴንትሪፉጅ ማሽከርከር ነው። ቀዩ ወደ ታች ይወርዳል። ሊምፎሳይትና ሞኖሳይት የሚባሉት ነጭ የደም ሕዋሳት መሀል ላይ እንደ ስስ ነጭ ቀለበት ይቀራሉ።

ብዙ ያሳሰበኝ ኢንኩቤተሩ፣ ማለትም ሕዋሳቱን በሰውነት ሙቀት የሚያቆየው ሳጥን ነው። የውጭ አገር መመሪያዎች ሁሉ «5 በመቶ ካርቦን ዳይኦክሳይድ» ይላሉ። ያ የተጻፈው ለባሕር ጠለል ነው። እኛ ያለነው ከ2,300 ሜትር በላይ ነው፤ የአየሩ ግፊት ከባሕር ጠለሉ ሦስት አራተኛ ገደማ ነው። ስለዚህ እዚህ 5 በመቶ ሲሞላ፣ ሚዲያው (ሕዋሳቱ ያሉበት ፈሳሽ) ውስጥ የሚገባው ጋዝ ያነሰ ይሆናል። የአሲድነት መለኪያው ፒኤችም በ0.1 ገደማ ከፍ ይላል፤ አሲዱ ቀነሰ ማለት ነው። ለእንዲህ ዓይነት ሙከራ ይሄ ቀላል አይደለም። እኔ መጠኑን ወደ 6.5 በመቶ አካባቢ አድርጌ፣ ፒኤቹን ራሱን እየለካሁ ሠራሁ። አዲስ አበባ ላይ ሕዋስ ለሚያሳድግ ሁሉ ይህን አጥብቄ እመክራለሁ።

ቀጥሎ መስኩ። ሳህኑን በሁለት ብረት መሀል አስቀምጦ ቮልት መስጠት ቀላል ይመስላል። ግን የሕዋስ ሚዲያ ጨዋማ ስለሆነ ኤሌክትሪክ በደንብ ያስተላልፋል። በ50 ኸርዝ፣ ማለትም እንደ ቤት መብራት አቅጣጫው በሚቀያየር ኤሌክትሪክ፣ ከውጭ ያለው መስክ ወደ ሚዲያው ሲገባ በብዙ ሚሊዮን እጥፍ ይቀንሳል። ሕዋሱ ጋ የሚደርስ ነገር የለም ማለት ይቻላል። ስለዚህ ከጅምሩ በቀጥታ የሚገናኝ አሠራር መረጥኩ። የብር ኤሌክትሮዶቹን ሲልቨር ክሎራይድ ቀባናቸው። ከሕዋሳቱ ጋር ያገናኘናቸው በጨውና በአጋር (እንደ ጄሊ በሚረጋ ነገር) በተሞላ ቀጭን ቱቦ ነው። እንዲህ ሲሆን የኤሌክትሮዱ ኬሚካል ሕዋሱን አይነካም።

ሙቀቱን ሳታሰሉ እንዳትጀምሩ። በአንድ ሚሊሜትር 100 ሚሊቮልት ትንሽ ይመስላል። ነገር ግን ሙቀቱ መውጫ ካጣ፣ ሚዲያው በአንድ ሰዓት ከ10 ዲግሪ በላይ ሊሞቅ ይችላል። ሕዋሱ ሮጠ ብላችሁ የምትጽፉት ትኩሳቱን ሸሽቶ ሊሆን ይችላል። ሕዋሳቱ ያሉበት ጠባብ መተላለፊያ፣ ቻናላችን፣ በጣም ስስ የሆነው ለዚህ ነው፤ ሙቀቱ በመስታወቱ በኩል ይወጣል። ቴርሞሜትር ግን ሁልጊዜ አጠገቡ ነበር።

ከእያንዳንዱ ሙከራ ጎን አንድ ማነጻጸሪያ ነበር። ቻናሉ ያው፣ ሽቦው ያው፣ ደሙ ያው፤ ኤሌክትሪኩ ብቻ ዝግ። ላብራቶሪውን ለዓመታት የያዙት ባለሙያ፣ ጋሼ ነው የምንላቸው፣ ናሙናዎቹን በኮድ ይሰጡኝ ነበር። የትኛው የትኛው እንደሆነ ቆጥሬ ሳልጨርስ አይነግሩኝም። «ልብህ ያማረውን ዓይንህ ያይልሃል» ይሉኝ ነበር፤ እውነታቸውን ነው። መብራት ድንገት ስለሚሄድም መስኩን የሚሰጠው መሣሪያ በባትሪ ነበር የሚሠራው።

አቅጣጫው በማይቀያየር መስክ ሊምፎሳይቶቹ ካቶድ ወደሚባለው ኔጌቲቭ ጫፍ አዘነበሉ። ሌሎች ተመራማሪዎችም ያሳዩት ይህንኑ ነው። በ50 ኸርዝ ግን ወደ የትም አላዘነበሉም። ምክንያቱ ይገባኛል፤ መስኩ በሰከንድ 100 ጊዜ አቅጣጫውን ይገለብጣል፣ ሕዋሱ ደግሞ በደቂቃ ጥቂት ማይክሮሜትር ነው የሚሄደው። የሞቱ ሕዋሳትን ብቻ በሚያቀልመው ትራይፓን ብሉ ስቆጥርም የሞቱት ብዛት ከማነጻጸሪያው አልተለየም። መስኩ በሕዋሱ ሽፋን ላይ የሚጨምረው ቮልቴጅ ከ1 ሚሊቮልት በታች ነው፤ ሽፋኑ ራሱ ግን በአስሮች የሚቆጠር ሚሊቮልት ይዟል።

ጎረቤቶቼ ይህን ሲሰሙ የሚጠይቁኝ ስለ ከፍተኛ ቮልቴጅ መስመር ነው። በ50 ኸርዝ ለሕዝብ የተቀመጠው ዓለም አቀፍ የመመሪያ ገደብ በአንድ ሜትር 5,000 ቮልት ነው። በዚያ መጠን እንኳ ሰውነት ውስጥ የሚፈጠረው መስክ እኔ ከተጠቀምኩት በሺዎች እጥፍ ያንሳል። መግነጢሳዊው መስክ ግን ሌላ ጉዳይ ነው። የዓለም ጤና ድርጅት የካንሰር ምርምር ኤጀንሲ እ.ኤ.አ. በ2002 «ካንሰር ሊያመጣ ይችል ይሆናል» ከሚባሉት ተርታ መድቦታል፤ ዋናው ምክንያት በልጆች ሉኪሚያ (የደም ካንሰር) ላይ የተደረጉ ጥናቶች ናቸው። የኔ ሙከራ ስለዚያ የሚለው ነገር የለም፣ ለሚጠይቀኝም ይህንኑ ነው የምመልሰው።