እንጦጦን ለሚወርድ ብስክሌት፦ መጀመሪያ ጎማ፣ ቀጥሎ ፍሬን

መስቀል አደባባይ 2,350 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ነው፤ የእንጦጦ ጫፍ ደግሞ 3,000 ሜትርን ያልፋል። ከመሀል ከተማ ተነስቶ እዚያ የወጣ ሰው ወደ ቤቱ ሲመለስ ከ600 ሜትር በላይ ቁልቁለት ይጠብቀዋል። ስለዚህ አዲስ አበባ ውስጥ «ምን ዓይነት የተራራ ብስክሌት ልግዛ?» ለሚል ሰው መልሱ የሚጀምረው ከቁልቁለቱ ነው። ያላችሁን ገንዘብ መጀመሪያ ጎማ ላይ፣ ቀጥሎ ፍሬን ላይ፣ ከዚያ ማርሽ ላይ አውሉት። ሾክ መጨረሻ ይምጣ። ገበያ ላይ የሚሰማው ቅደም ተከተል የዚህ ግልባጭ ነው፦ ሻጩ መጀመሪያ የሚያሳየው ሾኩን ነው፤ ጎማውን ግን ማንም አያነሳውም።

መሬቱን እንይ። ከሽሮ ሜዳ በላይ ያለው ቀይ ሸክላማ አፈር ነው፤ በላዩ ኮረት፣ በኮረቱ ላይ ደግሞ የባሕር ዛፍ ቅጠል፣ ቅርፊትና ፍሬ ተበትኗል። በበጋ አፈሩ ላዩ ደቆ ዱቄት ይሆናል፣ ሥሩ ግን እንደ ሲሚንቶ ይደርቃል። የጎማው ጥርስ ዱቄቱን አልፎ ደረቁን ካልነከሰ ብስክሌቱ ይንሸራተታል። የባሕር ዛፍ ፍሬ ጠንካራ ስለሆነ ከጎማ ሥር ሲገባ እንደ ኩሽኔታ ኳስ ይንከባለላል። ወደ ሱሉልታ ሲወረድ ደግሞ ሌላ ዓለም ነው፤ ሜዳው ላይ ጥቁር አፈር አለ፣ የእሱን ነገር መጨረሻ ላይ እመለስበታለሁ።

ለዚህ መሬት የሚሆነው የፊት ጎማ ወርዱ 2.35 ወይም 2.4 ኢንች፣ የጎን ጥርሶቹ ረጃጅምና የተራራቁ፣ ላስቲኩ ለስለስ ያለ ነው። የማክሲስ ሚንየን ዲኤችኤፍ ጥሩ ምሳሌ ነው። የኋላው ዝቅ ያለ ጥርስ ያለው፣ ዳገት ላይ የማይጎትት ቢሆን ይመረጣል። ሁለቱ አንድ ዓይነት መሆን የለባቸውም፤ የኋላ ጎማ ሲንሸራተት ሰው ሊያስተካክለው ጊዜ ያገኛል፣ የፊቱ ከተንሸራተተ ግን መሬት ላይ ነው የሚገኘው። አንድ ጎማ ብቻ መግዛት የምትችሉ ከሆነ አዲሱን ፊት አስገቡና የፊቱን ወደ ኋላ አዙሩት።

ስትገዙ ጎኑ ላይ የተጻፈውን ባለ ሦስት አኃዝ ቁጥር አንብቡ። የ26 ኢንች የተራራ ጎማ 559፣ የ27.5ቱ 584፣ የ29ኙ 622 ነው። ብዙ ሰው የሚሳሳተው 26 ላይ ነው፤ «26 በ1 3/8» የሚለው ጎማ የተራራ ብስክሌት ጎማ አይደለም፣ ቁጥሩ 590 ነው፣ 559 ቸርኬ ላይ በምንም መንገድ አይገጥምም። ሻጩ «ሁለቱም 26 ናቸው» ቢላችሁ ቁጥሩን አሳዩት።

የነፋሱ መጠን ከጎማው ዓይነት እኩል ያስፈልጋል። ክብደቱ 70 ኪሎ ለሆነ ሰው፣ የውስጥ ጎማ ካለው ፊት 26፣ ኋላ 29 ፒኤስአይ (የነፋስ ግፊት መለኪያ) ጥሩ መነሻ ነው። ያለ ውስጥ ጎማ፣ ማለትም በቱብለስ፣ ፊት 21፣ ኋላ 24። በየ10 ኪሎው 2 ፒኤስአይ ጨምሩ ወይም ቀንሱ። ጎሚስታ ዘንድ ከሄዳችሁ ቁጥሩን ራሳችሁ ተናገሩ፤ ዝም ካላችሁ 40 ወይም 50 ይሞላላችኋል፣ ያን ጊዜ ጎማው ኮረቱ ላይ እየነጠረ ፍሬን አልይዝ ይላል። ጎማ ሲተነፍስ ደግሞ ቀዳዳውን ሳታዩ አትለጥፉ። አንድ ቀዳዳ ከሆነ እሾህ ነው፣ እንጦጦ ላይ ብዙውን ጊዜ ቀጋ ነው፤ እሾኹን ከውጭው ጎማ ሳታወጡ አዲስ ብታስገቡ በአምስት ደቂቃ ውስጥ ያው ይደገማል። ጎን ለጎን የሆኑ ሁለት ቀዳዶች ካሉ ግን ነፋሱ አንሶ ድንጋይና ቸርኬ የውስጡን ጎማ ቆንጥጠውታል ማለት ነው፤ መድኃኒቱ 3 ፒኤስአይ መጨመር ነው።

ቀጋን ለመቋቋም ቱብለስ ይሻላል። ቸርኬውም ጎማውም ለዚያ የተሠሩ መሆናቸውን አረጋግጡ። ቸርኬውን በአልኮል ጠርጉት፣ ከውስጥ ወርዱ 2 ሚሊ ሜትር ያህል የሚሰፋ የቱብለስ ቴፕ አጥብቃችሁ እየሳባችሁ ጠቅልሉት፣ ጫፍና ጫፉ 10 ሴንቲ ሜትር ያህል ይደራረብ። የነፋስ መግቢያውን ቀዳዳ በምላጭ አትቅደዱት፤ በጋለ ቀጭን ሚስማር ውጉት፣ ዙሪያው ቀልጦ ይዘጋል። የጎማውን ጠርዝ በሳሙና ውኃ አርጥቡ፣ የነፋስ መግቢያውን እምብርት ፍቱና በኮምፕረሰር ነፋስ ልቀቁበት። ጠርዙ ቸርኬው ላይ ሲቀመጥ «ጧ» የሚል ድምፅ በሁለቱም በኩል ይሰማል። የጎሚስታ ኮምፕረሰር ትልቅ ስለሆነ የብስክሌት ጎማን በሰከንዶች ውስጥ ይሞላል፤ ቸርኬውና ጎማው ላይ ከተጻፈው ወሰን አታሳልፉት። ከዚያ አስተንፍሱት፣ 100 ሚሊ ሊትር ሲላንት፣ ማለትም ቀዳዳ የሚደፍን ፈሳሽ፣ ጨምሩ፣ እምብርቱን መልሳችሁ እሰሩ፣ ሙሉና ጎማውን በሁለቱም ጎኑ አስተኝታችሁ አናውጡት። የአዲስ አበባ የበጋ አየር ደረቅ ነው፣ ሲላንቱ በሁለት ወር ገደማ ሊደርቅ ይችላል። ጎማውን ጆሯችሁ ዘንድ አድርጋችሁ ስትነቀንቁት የፈሳሽ ድምፅ ካልሰማችሁ 60 ሚሊ ሊትር ጨምሩ።

ወደ ፍሬን እንሂድ። በዘይት የሚሠራ ዲስክ ፍሬን ከተገኘ፣ ለዚህ ቁልቁለት የፊት ዲስኩ 180 ሚሊ ሜትር ይሁን፤ ኋላ 160 ይበቃል፣ ከ85 ኪሎ በላይ ለሆነ ሰው ግን ሁለቱም 180 ቢሆኑ ይሻላል።

ትልቁ ስህተት የሚሠራው ዘይቱ ላይ ነው። የሺማኖ ፍሬን የሚጠቀመው ሚኒራል ኦይል ነው። የስራም ፍሬኖች አብዛኞቹ ዶት 5.1 የሚባለውን የፍሬን ዘይት ይጠቀማሉ፤ እንደ ማቨንና ዲቢ8 ያሉት አዲሶቹ ግን ሚኒራል ኦይል ነው የሚፈልጉት። የመኪና መለዋወጫ መደብር ያለው የፍሬን ዘይት ዶት 4 ነው። ይህን ዶት 5.1 ለሚወስድ ፍሬን መጨመር ይቻላል። ሚኒራል ኦይል በሚወስደው ውስጥ ግን አንዲት ጠብታ አይግባ፤ ውስጡ ያሉት ጎሚኒዎች ያብጡና ፍሬኑ በሙሉ የሚጣል ይሆናል። ዶት 5 ደግሞ ስሙ ቢመሳሰልም ሲሊኮን ነው፣ ለየትኛውም አይሆንም። የትኛው እንደሚያስፈልግ የፍሬኑ መያዣ ወይም የዘይት ቋቱ ክዳን ላይ ተጽፏል። መካኒኩ ጠርሙሱን ሲከፍት አጠገቡ ቁሙ፤ በዚህ ነገር ማፈር አያስፈልግም።

የፍሬን ሸራ ሁለት ዓይነት ነው። ሬዚን የሚባለው ድምፅ የለውም፣ ቀዝቃዛም ሆኖ ይይዛል፣ ግን ረጅም ቁልቁለት ላይ ሲግል ይዳከማል፣ በጭቃም ቶሎ ያልቃል። የብረቱ ይጮኻል፣ ሆኖም ሙቀቱን ይችላል። ለእንጦጦ የምመርጠው የብረቱን ነው። ነገር ግን ዲስኩን እዩት፤ ርካሽ ዲስኮች ላይ «ለሬዚን ሸራ ብቻ» የሚል ጽሑፍ አለ፣ እነሱን የብረት ሸራ ይበላቸዋል። አዲስ ሸራ ካስገባችሁ በኋላ በቀጥታ ወደ ቁልቁለት አትሂዱ። ሜዳ ላይ እስከ 20 ኪሎ ሜትር በሰዓት ፍጠኑና ጎማው ሳይቆለፍ እስክትቆሙ ድረስ አጥብቃችሁ ያዙ፤ ይህን 20 ጊዜ ያህል ድገሙት። ይህ ካልተደረገ ሸራው ላዩ መስታወት ይሆንና ከዚያ በኋላ በደንብ አይዝም። የሸራው ቁስ ውፍረት 1 ሚሊ ሜትር ሲደርስ ቀይሩት፤ ፋብሪካው 0.5 ድረስ ይፈቅዳል፣ ግን እዚህ መለዋወጫ በፈለጉት ቀን አይገኝም።

ስትወርዱ ፍሬኑን ከላይ እስከ ታች ይዛችሁ አትውረዱ። ከመታጠፊያው በፊት ጠንከር አድርጋችሁ ያዙ፣ ልቀቁ፣ ዲስኩ ነፋስ ያግኝ። ሳይለቁ መያዝ ዘይቱን ያግለዋል፤ በተለይ ዶት እርጥበት ስለሚስብ፣ አሮጌው ቶሎ ይፈላና የፍሬኑ መያዣ ባዶ ሆኖ እስከ መሪው ይደርሳል። ዘይቱን በዓመት አንዴ መለወጥ የሚያስፈልገው ለዚህ ነው። ሰንሰለት ስትቀቡ የሚረጭ ዘይት አትጠቀሙ፣ ዲስኩ ላይ ይደርሳል። ዲስክ የሚጸዳው በአልኮል ነው፤ በነጭ ጋዝ ያጸዳ ሰው ሸራውንም አብሮ አበላሽቷል።

ማርሽ ላይ ብዙዎች ያለ ምክንያት ገንዘብ ያወጣሉ። አዲሶቹ ብስክሌቶች ፊት አንድ፣ ኋላ 12 ማርሽ ናቸው። ፊት 30፣ ኋላ 51 ጥርስ ያለው የ29 ኢንች ብስክሌት ፔዳሉ አንድ ጊዜ ሲዞር 1.35 ሜትር ይሄዳል። አሁን የድሮውን ባለ 26 ኢንች ውሰዱ፦ ፊት ትንሹ 22፣ ኋላ ትልቁ 34። አንድ ዙር 1.34 ሜትር! የእንጦጦን ዳገት ለመውጣት የሚሰጡት ቅለት አንድ ነው። ብስክሌታችሁ ፊት ሦስት፣ ኋላ ስምንት ከሆነና የኋላው ትልቁ ጥርስ 28 ብቻ ከሆነ፣ ሙሉውን ከመቀየር ይልቅ ከ11 እስከ 34 ጥርስ የሆነ ካሴት (የኋላ ማርሾች ስብስብ) ከአዲስ ሰንሰለት ጋር ግዙ። ከመግዛታችሁ በፊት የኋላ ማርሽ ቀያሪው 34 ጥርስ የሚችል መሆኑን አረጋግጡ። የአዲሱ ባለ 12 ጥቅም ሰንሰለቱ ቁልቁለት ላይ እየዘለለ አለመውለቁና የፊት ማርሽ ቀያሪ አለመኖሩ ነው። ጥሩ ነገር ነው፣ ግን ከጎማና ከፍሬን አይቀድምም።

ሰንሰለት በማስመሪያ ይለካል። 12 ሙሉ መገጣጠሚያ አዲስ ሲሆን 304.8 ሚሊ ሜትር ነው። ባለ 11 እና ባለ 12 ማርሽ ላይ 306.3 ሲደርስ፣ ባለ 8 ላይ 307 ሲደርስ ይለወጥ። ከዚያ ከቆየ ካሴቱን ይበላል፣ ካሴት ደግሞ ከሰንሰለት ብዙ እጥፍ ይወደዳል።

ስለ ሾክ አጭር ልበል። ፊት ብቻ 120 ሚሊ ሜትር ሾክ ያለው ብስክሌት ለዚህ አገር ይበቃል። ርካሽ ሆኖ ኋላም ሾክ ያለው አትግዙ፤ ክብደት ይጨምራል፣ መጋጠሚያዎቹ በአቧራ ይላላሉ፣ ኩሽኔታውም በቀላሉ አይገኝም። የነፋስ ሾክ ከሆነ ስትቀመጡበት 24 ሚሊ ሜትር ያህል ይውረድ። ከውጭ አገር ዘመድ በሻንጣ ያመጣላችሁ ብስክሌት ከሆነ አንድ ነገር እወቁ፦ ባሕር ጠለል አጠገብ የታሸገ አየር በፎርኩ፣ ማለትም የፊት ጎማውን በሚይዘው ሹካ፣ የታችኛው እግር ውስጥ ይቀራል፤ እዚህ የውጭው አየር ስለሚሳሳ ውስጡ ይነፋና ሾኩ ደረቅ ይሆናል፣ እስከ ታች አይወርድም። ቀጭን የፕላስቲክ ማሰሪያ በጎሚኒውና በብረቱ መካከል ቀስ ብላችሁ ብታስገቡ «ፍስ» ብሎ ይወጣል። ጎማውም እንዲሁ ነው፤ ዋሽንግተን ላይ 22 የነበረው አዲስ አበባ ላይ ወደ 25 ተኩል ያነባል፣ አስተንፍሱት።

አንድ ዕቃ ብስክሌቱን በገዛችሁበት ቀን ይገዛ፦ የኋላ ማርሽ ቀያሪው የሚታሰርበት ሃንገር። ከእያንዳንዱ ብስክሌት ጋር ልዩ ስለሆነ የሌላው አይገጥምም፣ ሲሰበር ደግሞ ብስክሌቱ ለወራት ሊቆም ይችላል። በቦርሳ ከውኃችሁ ጋር እሱን፣ አንድ የውስጥ ጎማ፣ መንፊያ፣ የጎማ ማውጫ፣ የሰንሰለት መፍቻና ፈጣን ማያያዣ፣ የአለን ቁልፎች ያዙ። የጥርስ ሳሙና ቱቦ ቁራጭም ጨምሩ፤ ውጭው ጎማ በድንጋይ ሲቀደድ ከውስጥ ይደረግና ወደ ቤት ያደርሳል።

መንገዱ የእናንተ ብቻ አይደለም። በ2013 ዓ.ም. በተከፈተው የእንጦጦ ፓርክ ውስጥ ለብስክሌት የተሠራ መንገድ አለ፤ ከፓርኩ ውጭ ያሉት የእግር መንገዶች ግን እንጨትና ቅጠል ተሸክመው የሚወርዱ እናቶች የቀን መተዳደሪያ ናቸው። ሸክሙ ከመንገዱ ይሰፋል፣ ጎንበስ ብለው ስለሚሄዱ ፊታቸውን እንጂ እናንተን አያዩም፣ አንዴ ከቆሙ እንደገና መነሳት ከባድ ነው። ስለዚህ የሚቆመው ብስክሌተኛው ነው። ከኋላ ከሆናችሁ ከሩቅ «እማማ፣ ከኋላ ነኝ፣ ቀስ ይበሉ» በሉና በእርምጃቸው ተከተሉ፤ መንገዱ ሲሰፋ እለፉ። ከፊት ከመጡ ወርዳችሁ ብስክሌቱን ከመንገድ አውጡ። አህያ ጭነት ይዛ ስትመጣም እንዲሁ፣ ደወል አትደውሉባት፣ ትደነብራለች።

ክረምት ላይ፣ ከሰኔ አጋማሽ እስከ መስከረም መጀመሪያ፣ የሱሉልታውን ጥቁር አፈር ተዉት። ጎማው ላይ ተጠቅልሎ በፎርኩ ሥር ይጨናነቃል፣ ሰንሰለቱን ይይዛል፤ እናንተ ፔዳሉን ስትገፉ ማርሽ ቀያሪው ወደ ቸርኬው ሽቦዎች ይሳብና ሃንገሩ ይሰበራል። ቀዩ አፈር ከዝናብ በኋላ ሁለት ቀን ፀሐይ ካገኘ ይሻላል። እርግጠኛ ካልሆናችሁ አንድ እፍኝ አፈር አንሱና ጨብጡ፤ እጃችሁን ስትከፍቱ ተጣብቆ ከቀረ አስፋልቱን ይዛችሁ ተመለሱ፣ ተፍረክርኮ ከወደቀ ግን ነፋሱን ለክታችሁ ውረዱ።