ሶርስ ኮዱን ከሳጥኑ ጋር አስረክቡ

ሜክሲኮ አካባቢ ያለ አንድ ቢሮ የወረፋ ማሳያ ሳጥን ሠርቶ ለደንበኛ አስረከበ እንበል። ውስጡ ሊኑክስ ከርነል (የሲስተሙ እምብርት) እና ቢዚቦክስ (መሠረታዊ ትእዛዞችን በአንድ ፋይል የያዘ ፕሮግራም) አለ፤ የሁለቱም ፈቃድ ጂፒኤል ስሪት 2 ነው፤ ጂፒኤል ፕሮግራሙን ማባዛትና ማሰራጨት የሚፈቅድ፣ ግን ኮዱም አብሮ እንዲሰጥ የሚያስገድድ ፈቃድ ነው። ሳጥኑ ደንበኛው እጅ ሲገባ ቢሮው ሶርስ ኮዱንም፣ ማለትም ፕሮግራመሮች የጻፉትን ኮድ፣ የመስጠት ግዴታ ይመጣበታል። በነጻ ቢሰጥም ያው ነው።

«ኮዱ ኢንተርኔት ላይ ስላለ ያውርዱት» ማለት አያዋጣም። የሚፈለገው ሳጥኑ ላይ ያለው ባይነሪ (ማሽኑ የሚያስኬደው ፋይል) የተሠራበት ኮድ ራሱ ነው፤ ያው ስሪት፣ የገቡት ፓቾች (ኮዱ ላይ የተጨመሩ ለውጦች)፣ የኮንፊግ ፋይሉ (የአሠራር ምርጫዎቹ)፣ ኮምፓይል ማድረጊያና (ኮዱን ወደ ባይነሪ መቀየሪያና) መጫኛ ስክሪፕቶቹ ሳይቀሩ። ብዙ ጊዜ የሚጎድለው አንድ ልጅ ላፕቶፕ ላይ የቀረች ፓች ናት። ልጁ ሥራ ሲለቅ አብራ ትጠፋለች።

ሌላው ችግር ከውጭ የሚመጣው ቦርድ፣ ማለትም ሳጥኑ ውስጥ የሚገባው የኮምፒውተር ሰሌዳ ነው። አምራቹ የተዘጋጀ ኢሜጅ (ሊጫን የተሰናዳ ሙሉ ሲስተም) ይልካል፣ ኮድ ግን አይልክም። እዚህ የሚሸጠው «እኔም አልተሰጠኝም» ብሎ ማምለጥ አይችልም፤ አምራቹ «ኮዱን እሰጣለሁ» ብሎ የጻፈውን ቃል ለደንበኛ ማስተላለፍ የተፈቀደው ለንግድ ላልሆነ ስርጭት ብቻ ነው። ስለዚህ ቦርዱን በብዛት ከማዘዝ በፊት ኮዱን ተቀበሉና ራሳችሁ ቢልድ አድርጉት (ከኮዱ ባይነሪውን ሥሩ)።

ኮዱን በኋላ እሰጣለሁ የሚል የጽሑፍ ቃል መስጠትም ይቻላል። ግን ቢያንስ 3 ዓመት መጽናት አለበት፤ ደንበኛ ያልሆነ ሰው ቢጠይቅም ይሰጠዋል፣ ከማድረሻው ወጪ በላይ አይከፈልበትም። ለትንሽ ቢሮ ይህ ከባድ ሸክም ነው። ኮዱን በፍላሽ ከሳጥኑ ጋር መስጠት ይሻላል፤ ጉዳዩ እዚያው ያልቃል።

ራሱን ችሎ ሊኑክስ ላይ የሚሄደው የወረፋ ፕሮግራማችሁ የእናንተው ነው፣ ኮዱን አትከፍቱም። እንደ ሪድላይን (ተርሚናል ላይ የሚጻፍን መስመር የሚያስተካክል) ያለ የጂፒኤል ላይብረሪ፣ ማለትም ፕሮግራሞች የሚጠቀሙበት የተዘጋጀ ኮድ፣ ሊንክ ካደረጋችሁበት (ከፕሮግራማችሁ ጋር ካያያዛችሁት) ግን ነገሩ ይለወጣል። ሰርቨር ላይ ብቻ የሚሠራ ሶፍትዌርን ጂፒኤል አይነካውም፤ ፈቃዱ ኤጂፒኤል (በኔትወርክ የሚሰጥ አገልግሎትንም የሚያካትት የጂፒኤል ዓይነት) ሆኖ ኮዱን ከቀየራችሁት ግን በኔትወርክ ለሚጠቀሙት ኮዱን ማቅረብ ግድ ነው።

የጂፒኤል ስሪት 2ን የጣሰ መብቱ ወዲያው ይቋረጣል። ስሪት 3 ለስላሳ ነው፤ ለመጀመሪያ ጊዜ ጥሶ ማስጠንቀቂያ የደረሰው በ30 ቀን ውስጥ ካስተካከለ መብቱ ይመለስለታል። መብት ሳይኖር ማባዛትና ማሰራጨት ደግሞ እዚህም በቅጂ መብት አዋጅ ቁጥር 410/1996 ያስጠይቃል።

ከማስረከባችሁ በፊት ፍላሹን ምንም ያልተጫነበት ኮምፒውተር ላይ ፈትታችሁ ቢልድ አድርጉ፤ የወጣውን ሳጥኑ ላይ ጫኑት። ተርሚናል ላይ ቢዚቦክስን ብቻውን ስትጠሩት የመጀመሪያው መስመር ስሪቱን ያሳያል። ፍላሹ ላይ ካለው ጋር ካልገጠመ ሳጥኑ አይውጣ።